ከተሪስ የወጣ ጎድን

የኦምዱርማኑ ጀልባ ሠሪ ዓም ረሺድ ተጀምራ በግማሽ ከቀረችው ጀልባቸው ጥላ ሥር አሸዋው ላይ ተቀምጠዋል። ቀኝ ክንዳቸው ከክርን እስከ ጣት በጀሶ ታስሯል። ትርንጎ ሰላምታ ሰጥታ ስትቀርብ በግራ እጃቸው ሰላም አሏትና ስለ ክንዳቸው ከመጠየቋ በፊት ወደ ኋላቸው አመለከቱ።

"እኔን ተዪኝ ያ ቢቲ፣ ልጄ። እሷን እዪያት።"

ጀልባዋ ተከፍታለች። ቀኝ ጎኗ ደህና ነው። ግራ ጎኗ ግን ወደ ውጭ ተንጋድዶ፣ በሁለት ጣውላዎች መካከል የሰው እጅ የሚያስገባ ክፍተት ወጥቶበታል። ትርንጎ ጎንበስ ብላ በክፍተቱ ውስጥ ስታይ ከማዶ ወንዙ ታያት።

ሁለቱን ያስተዋወቃቸው ያ ካርቱም ላይ፣ ወታደሩ ሥልጣን ይልቀቅ ብሎ ከጦሩ ዋና መምሪያ ፊት ለፊት ለሳምንታት የተቀመጠው ሕዝብ ነው። ትርንጎ ትሠራበት የነበረው፣ ዐማራት በሚባለው ሰፈር ያለ ሻይ ቤት ሲዘጋ፣ እዚያ ለተቀመጠው ሰው ምግብ ከሚያበስሉት ሴቶች ጋር ድስት ታጥብ ነበር። አብረዋት የሚያጥቡት የዓም ረሺድ እኅት ሐጃ ሉጥፊያ ነበሩ፤ በዓባይ መሐል ካለች ትንሽ ደሴት ከእርሻቸው ጎመንና ሽንኩርት እየጫኑ ይመጡ ነበር። የረመዳን ጾም ሊፈታ ሲል፣ ጎህ ሲቀድ፣ ወታደሮቹ በጥይትና በዱላ ገቡ። ድንኳኑ ነደደ። ሌሊቱን እኅታቸውን ሊጠይቁ መጥተው እዚያው ያደሩት ዓም ረሺድ ክንዳቸው የተሰበረው ያኔ ነው። ሁለቱ ሴቶች በመሐል አድርገው እየጎተቱ አወጧቸው። ከዚያ በኋላ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ፤ መንገዱ ሁሉ ተዘጋ፤ ትርንጎ ከምትኖርበት ሰፈር ከሐጅ ዩሱፍ ወደ ኦምዱርማን የሚያሻግር ሐፍላ፣ አውቶቡስ፣ እስክታገኝ ድረስ ዒዱም አለፈ።

"ደጋፊው እንጨት የት ሄደ?" አለች ትርንጎ።

"የሰፈሩ ልጆች ለተሪስ፣ ለመንገድ መዝጊያው፣ ወሰዱት። እኔ ሆስፒታል ነበርኩ። ብኖርም እሰጣቸው ነበር፤ ወታደር በመኪና እየመጣባቸው መንገድ በምን ይዝጉ? ብቻ ፀሐዩ ጀልባዋን አልማረልኝም።"

የኦምዱርማን ጀልባ አሠራር እንዲህ ነው። ሱንት የሚሉት የወንዝ ዳር ግራር ጠማማና ቋጠሮ የበዛበት ስለሆነ ረጅም ጣውላ አይወጣውም፤ ውሃ ግን ቶሎ አያበሰብሰውም። ስለዚህ በአጫጭሩ ይጠርቡታል። ወፍራሙን የወለል ግንድ ከመሐል አጋድመው፣ በእሱ ጠርዝ ላይ ጣውላውን እንደ ጡብ አንዱን ባንዱ ላይ እያቆሙ፣ ረጅም ምስማር በሰያፍ እየሰደዱ ያያይዙታል። ጣውላውን ከውስጥ የሚይዝ ጎድን የሚባል ነገር የላትም። የጀልባዋ ሆድ የት ላይ እንደሚሰፋና የት ላይ እንደሚጠብ የሚያውቀው የሠሪው ዓይን ብቻ ነው። ጎኖቹ ቁመታቸውን ሲጨርሱ ወፍራም አግዳሚ እንጨት ከጎን ወደ ጎን ይገባና ሁሉንም ይይዘዋል። እስከዚያ ግን ጎኖቹን የሚያቆማቸው ከውጭ የተደገፈው እንጨት ነው። እሱ ሲነሳ ጀልባዋ በገዛ ክብደቷ ተከፈተች።

ሐጃ ሉጥፊያ በአህያ ጋሪ መጥተው ሲወርዱ፣ ወንድማቸው የሚሉትን አስቀድመው ያወቁ ይመስል ቆጣ ብለው ነበር።

"ለማገዶ እሸጣታለሁ እንዳትለኝ።"

"በአንድ እጅ ምን ላድርግ? ጋዱሙን እንኳ ማንሳት አልችልም" አሉ ዓም ረሺድ። ጋዱም የሚሉት አጭር እጀታ ያለውን መጥረቢያቸውን ነው፤ አጠገባቸው አሸዋው ውስጥ ተሰክቶ ቆሟል።

"ክንድህ እስኪድን ወንዙ ይጠብቅሃል? አሮጌዋ ጀልባ በስብሳለች። ክረምቱ ሲመጣ ደሴቱ ላይ ያለን ሰዎች በምን እንወጣለን?"

ትርንጎ እጇን በክፍተቱ ውስጥ እንዳስገባች ዘወር አለች።

"ጎድን ቢገባላትስ?"

ወንድምና እኅት አብረው አዩዋት። የትርንጎ አባት ንጋቱ ባሕር ዳር የጣውላ ጀልባ ሠሪ ነበሩ። እሷም እስክታድግ ድረስ ከእንጨት ፍልጥ መሐል ነው የዋለችው፤ ጣውላ ትይዛለች፣ ምስማር ታቀብላለች፣ በኋላማ አባቷ ደክሟቸው ሲቀመጡ ራሷ ትጠርብ ነበር።

"አባቴ የሚጀምረው ከጎድን ነው" አለች። "መጀመሪያ አከርካሪውን ያጋድማል። ከዚያ ጎድኖቹን ያቆማል። ጣውላው መጨረሻ ላይ ነው የሚለብሰው። ይቺ ደግሞ ልብሷን ቀድማ ለብሳለች፤ ጎድኑን ከውስጥ እናስገባላት።"

"ያ የእናንተ ሐይቅ ነው። ሐይቅ ተኝቶ ይውላል፤ ይሄ ይገፋል" አሉ ዓም ረሺድ። "ደግሞስ በጎድንና በጣውላ መሐል ውሃ አይቋጥርም? የቆመ ውሃ ሱንትንም ይበላዋል።"

"ከእያንዳንዱ ጎድን ሥር ውሃ ማለፊያ ይቆረጣል። ውሃው ወደ መሐል ይወርዳል፤ ከዚያ በጣሳ ይጨለፋል።"

ዓም ረሺድ በግራ እጃቸው ጣውላውን ዳሰሱ። "ቆርጠሽ አሳዪኝ" አሉ በመጨረሻ። "ካልጣመኝ አወልቀዋለሁ። በአንድ እጄም ቢሆን አወልቀዋለሁ።"

ማታውን ትርንጎ ነገሩን ለወንድሟ ነገረችው። ጥጋቡ ሐጅ ዩሱፍ ውስጥ በአንዲት ክፍል ከእሷ ጋር ይኖራል፤ የቀን ሥራው ሕንፃ ላይ ፌሮ ማጠፍ ነው። ሁለቱም ካርቱምን እንደ መተላለፊያ ነው የቆጠሯት። ደላላው መንገድ ሲከፈት በሊቢያ በኩል የሚሄድ መኪና እንዳለ ነግሯቸው፣ ሻንጣቸው ከበሩ ኋላ ተቀምጧል።

"ትርንጎዬ፣ እኛ እኮ አላፊ ነን" አላት። "የሰው ጀልባ ምናችን ነው?"

"ሥራ አለህ?"

"ወረሻው ዝግ ነው፤ የሕንፃ ሥራው ሁሉ ቆሟል፤ ታውቂ የለ።"

"መኪናውስ መቼ ነው የሚወጣው?"

"መንገዱ ሲከፈት፣ ኢንሻአላህ።"

"እንግዲያው ፌሮ የምታጥፍበትን ይዘህ ና። ሰውዬው ክንዱ የተሰበረው እኔ እያየሁ ነው። ጀልባዋ እንደዚያ ተከፍታ ወንዝ ዳር እያየኋት ወዴትም አልሄድም።"

ጥጋቡ ከእኅቱ ጋር መከራከር ትርፍ እንደሌለው ከልጅነቱ ያውቃል። በማግስቱ ቀጭን ፌሮ ተሸክሞ አብሯት ተሻገረ። በጤነኛው ቀኝ ጎን ውስጥ ገብቶ፣ ፌሮውን ከጣውላው ጋር እያስጠጋ፣ ከወለሉ እስከ ጠርዙ ቅርጹን እየተከተለ አጠፈው። ከዚያ ገለበጠውና ለግራው ጎን አዋለው። ለእያንዳንዱ ጎድን አንድ አንድ ፌሮ እንዲሁ አዘጋጀ። ዓም ረሺድ አጠገቡ ቆመው፣ "እዚህ ጋ ትንሽ ሆዷን ልቀቅላት" እያሉ በግራ እጃቸው ያሳዩት ነበር።

ችግሩ እንጨቱ ነው። ሱንት የሚያመጡት የጭነት መኪኖች አይመጡም፤ እንጨት ሻጮቹም ዘግተዋል። ቢከፍቱም ቀጥ ያለ ጣውላ ለጎድን አይሆንም፤ ቀጥ ያለውን አጉብጠው ቢቆርጡት ጅማቱ ይበጠስና ይሰነጠቃል። ጎድን ከተፈጥሮው የጎበጠ ቅርንጫፍ ይፈልጋል። ትርንጎና ጥጋቡ የዛፍ ቅርንጫፍ ለማግኘት የወንዙን ዳር ሲያካልሉ ዋሉና ባዶ እጃቸውን ወደ ሐጅ ዩሱፍ ተመለሱ።

ትርንጎ የሰፈሯ መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ቆመች። በየቀኑ ስታልፈው ልብ ብላው አታውቅም። መንገዱን የዘጋው ተሪስ ከጡብ፣ ከአሮጌ ጎማና ከአንድ ትልቅ የወደቀ ሱንት የተሠራ ነው። ዛፉን ሀቡብ የሚሉት የአቧራ አውሎ ነፋስ ጥሎት ልጆቹ ጎትተው አምጥተውታል። ቅርንጫፎቹ ሁሉም እንደ ክርን የታጠፉ ናቸው።

ተሪሱን ከሚጠብቁት ወጣቶች አንዱ ይማም ይባላል። ወላጆቹ ከወሎ መጥተው እዚሁ የወለዱት ነው፤ አማርኛው ይሰባበራል። ትርንጎ አንዱን ቅርንጫፍ ስትነካው ብድግ አለ።

"ላ፣ ላ፣ እኅቴ! ይሄ አይነካም። ይሄ የ... እንዴት ነው የሚባለው... የሸሂዶቹ ነው።"

"የሞቱት ልጆች?"

"አይዋ። አንቺ ብታነሺ በዚህ ታትቸር ይገባል። ወታደሩ፣ በፒካፑ።"

"ቅርንጫፎቹን ለጀልባ ጎድን ነው የምፈልጋቸው፤ ቦታውን ባዶ አልተውላችሁም። ከዚህ የሚከብድ አመጣላችኋለሁ።"

"ከዛፍ የሚከብድ ምን አለ?"

"ከዋናው መንገድ ማዶ የተጣለ የሲሚንቶ ቱቦ አለ። የፍሳሽ ቱቦ። ታትቸር እሱን አይገፋውም።"

ይማም ሳቀ። "እሱን ማን ያመጣዋል? እኛ ሞከርን። በጣም ከባድ።"

"እናንተ በእጅ ነዋ የገፋችሁት" አለ ጥጋቡ። "ፌሮ ከሥር አስገብተን እናንከባልለዋለን።"

ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ጀመሩ። ጥጋቡ ወፍራም ብረቶች እያቀበለ፣ ወጣቶቹ እየገፉ፣ ትርንጎ ከፊት ድንጋይ እያነሳች ቱቦውን አንከባለሉት። መሐል ላይ ጉድጓድ ገብቶ ቆመባቸውና ከወጣቶቹ ግማሾቹ ትተውት ሊሄዱ ፈለጉ። ትርንጎ ጉልበቷን አሸዋው ላይ ተክላ በትከሻዋ ገፋች። ይማም አያትና "ያላ ሸባብ!" ብሎ ጮኸ። ቱቦው ወጣ። ተሪሱ ላይ ሲደርስ ይማም እጁን እያራገፈ ጠየቃት።

"ጀልባው የማን ነው?"

"ወታደሮቹ ኢዕቲሳሙን፣ መምሪያው ፊት የተቀመጠውን ሕዝብ፣ ሲበትኑ ክንዱን የሰበሩት ሽማግሌ አለ። የእሱ ነው።"

ይማም ሌላ አልጠየቀም። ቅርንጫፎቹን ራሱ በመጋዝ ቆረጠ፤ የጎረቤቱን የአህያ ጋሪም ለምኖ አመጣ።

ጋሪው የሸምባት ድልድይ ላይ ሲደርስ ወታደር አስቆማቸው።

"ተሪስ ልትሠሩ ነው?"

"የጀልባ ጎድን ነው" አለች ትርንጎ በዐረብኛ።

"አንቺ ሐበሻዋ ጀልባ ትሠሪያለሽ?" ወታደሩ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ ሳቀ። "አውርዱት፤ ሁሉንም።"

ጥጋቡ ፊቱ ገረጣ። ይማም አንገቱን ደፋ። ትርንጎ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ አወረደች። ግን ዝም ብላ አልከመረቻቸውም። ትልልቆቹን መሐል፣ ትንንሾቹን ወደ ዳር እያደረገች፣ ጥንድ ጥንዱን ፊት ለፊት አስፋልቱ ላይ ዘረጋቻቸው። ስትጨርስ ድልድዩ ላይ የጀልባ ሆድ ተኝቷል፤ ማንም ሰው ሊስተው አይችልም። ወታደሩ ዙሪያውን አንዴ ዞረ። ከዚህ በኋላ አልሳቀም።

"ኸላስ፣ በቃ። አንሱና ሂዱ።"

ላባቸው እየተንጠባጠበ መልሰው ጫኑ። ድልድዩንም አለፉ። ከዚያ ጥጋቡ፣ "ደግሞ እንዲህ ልታደርጊኝ ከሆነ አስቀድመሽ ንገሪኝ" አላት።

ሥራው ከባድ የሆነው ከዚህ በኋላ ነው። የተንጋደደውን ጎን በውሃ በራሰ ጆንያ ሸፈኑት። ጀልባዋን በገመድ ዙሪያዋን ጠምጥመው፣ ገመዱ ውስጥ ወፍራም ዱላ ከትተው ጠመዘዙት። ዱላው በዞረ ቁጥር ጎኑ ጥቂት በጥቂቱ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ዓም ረሺድ ጆሯቸውን ጣውላው ላይ ለጥፈው ይሰማሉ። እንጨቱ ሲጮህ "ቁሙ!" ይላሉ፤ ያኔ ገመዱ እንደተወጠረ ይታሰርና ጆንያው እንደገና ይርሳል። ትርንጎ አንድ ዙር፣ አንድ ዙር ብቻ ብትጨምር ደስ ይላት ነበር።

"ካቻኮልሻት ትሰነጠቃለች" አሏት። "እስክትስማማ ጠብቂያት።"

ትርንጎ በዚያ መሐል ጎድኖቹን ትጠርባለች። የመጀመሪያውን ስታስገባ ምስማሩን በቀጥታ መታችው፤ ጎድኑ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ተሰነጠቀ። ዓም ረሺድ ተቆጡ።

"ሱንት በግድ ምስማር አይቀበልም! መጀመሪያ በጋለ ብረት መንገዱን ክፈቺለት።"

የተሰነጠቀውን ወርውራ ሌላ ቅርንጫፍ አነሳች። ለዚህኛው ብረት አግላ ቀዳዳውን አቃጠለች፤ ከዚያ ምስማሩን ሰደደች። ያዘ። ከሥሩ ውሃ ማለፊያውን ቆርጣ ስታሳያቸው ዓም ረሺድ ጣታቸውን አስገብተው ሞከሩት።

"ሰፋ አድርጊው። በክረምት ይሄ ወንዝ ጭቃ ነው፤ ይደፍነዋል።"

አሰፋችው። ሰውዬው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደሚቀጥለው ሄዱ። አወልቀዋለሁ ያሉትን ዳግመኛ አላነሱትም።

በዚያው ወር መጨረሻ ሕዝቡ እንደገና አደባባይ ሲወጣ ትርንጎና ሐጃ ሉጥፊያ ሥራውን ትተው ሄዱ። ዓም ረሺድም ክንዳቸውን በአንገታቸው አንጠልጥለው ተከተሉ። ጥጋቡ ብቻ ቀረ። ደጋፊውን እንጨት ደግሞ ማንም እንዳይወስደው ጀልባዋ ውስጥ ተቀምጦ ዋለ። ሲመለሱ አንድ ጎድን ብቻውን አስገብቶ አገኙት፤ ትርንጎ በእጇ ዳሰሰችው፣ የሚነቀፍ ነገር አላገኘችበትም።

ጎድኖቹ ሁሉ ከገቡ በኋላ አግዳሚዎቹ ገቡ። ገመዱ ተፈታ። ጎኑ አልተነቃነቀም። ስንጥቁን ሁሉ በሞራና በዘይት በተነከረ ጨርቅ ጠቀጠቁት። ጀልባዋን ወደ ወንዙ ያወረዳት ሰፈሩ በሙሉ ነው፤ "ሄላ ሆብ! ሄላ ሆብ!" እያሉ ገፏት። ውሃ ስትነካ ከየመገጣጠሚያው ውሃ መግባት ጀመረ፤ ትርንጎ ልትጨልፍ ጣሳ አነሳች።

"ተዪያት" አሉ ዓም ረሺድ። "ደርቃ ነው የከረመችው፤ ትጠጣ።"

ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ አስረው ውሃ ሞልታ እንድትተኛ ተዋት። ሱንቱ ውሃውን ጠጥቶ አበጠ፤ አፉን ገጠመ። በሚቀጥለው ሳምንት ውሃዋን ቀድተው ሲያወጡ እንደገና የገባው ከአንድ ጣሳ አይበልጥም።

ነሐሴ ላይ በከተማው የጦሩና የሕዝቡ ወኪሎች የሥልጣን ክፍፍል ስምምነት ሲፈረም ሰው ባንዲራ ለብሶ በየመንገዱ ይጨፍር ነበር። በዚያው ሰሞን ዓባይ ሞላ። የደሴቱ ሰዎች ያቆሙት የአፈር ግድብ ከጠዋት ጀምሮ እየተናደ መሆኑን ሐጃ ሉጥፊያ በስልክ ሰሙ። ከወንድማቸው ቤት ሲወጡ ቶባቸውን፣ ረጅሙን መጎናጸፊያቸውን፣ እንኳ በሥርዓት አልተጠመጠሙም።

ሐጃ ሉጥፊያ መሪውን ያዙ፤ ወንዙን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ጥጋቡና ትርንጎ ቀዘፉ። ዓም ረሺድ "እኔስ?" ብለው ገብተው በግራ እጃቸው ጣሳ ያዙ፤ ማንም ሊያስወርዳቸው አልደፈረም። በመጀመሪያው ጉዞ ልጆችንና ሽማግሌዎችን አወጡ። በሁለተኛው፣ ጀልባዋ በሰውና በፍየል ሞልታ መሐል ወንዝ ላይ ሳለች፣ ጎርፉ ያመጣው ግንድ በግራ በኩል መታት። ጓ አለ። ሴቶቹ ጮኹ። አንድ ጣውላ ተሰብሮ ውሃው ገባ።

ትርንጎ መቅዘፊያውን ለቅቃ ተንበረከከች። የተሰበረው በሁለት ጎድን መካከል ነው። ግራና ቀኝ ያሉትን ጎድኖች በእጇ ጨበጠች፤ አልተናጉም። ስብራቱ ከእነሱ አላለፈም።

"ይዟል!" ብላ በአማርኛ ጮኸች፤ ከዚያ በዐረብኛ ደገመችው። "ጎድኑ ይዟል! ጆንያ ስጡኝ!"

አንዲት ሴት የፍየሎቹን መኖ ደፍታ ጆንያውን ወረወረችላት። ትርንጎ በቀዳዳው ጠቅጥቃ ጀርባዋን ደገፈችበት። ዓም ረሺድ ከሥሯ ውሃውን ይጨልፋሉ፤ ውሃው በጎድኖቹ ሥር እያለፈ ወደ እሳቸው ይመጣ ነበር። ጥጋቡ ብቻውን ቀዘፈ። ሐጃ ሉጥፊያ ጀልባዋን ከጎርፉ ጋር ሳያጋጩ በሰያፍ እየመሩ ከዳር አደረሷት። ሰው ሁሉ ሲወርድ ትርንጎ ጀርባዋን ከጆንያው ላይ ማላቀቅ አቅቷት በጥጋቡ እጅ ተነሳች።

"በስንት ሰዓት ትጠግኚዋለሽ?" አሉ ሐጃ ሉጥፊያ። "ገና ሰው አለ።"

"ጣውላ አምጡልኝ" አለች።

ጠግነው ተመለሱ። ፀሐይ ከመጥለቁ በፊት ደሴቱ ላይ ሰው አልቀረም። የሐጃ ሉጥፊያ እርሻ ግን ውሃ ውስጥ ገባ፤ እሳቸውም ከዳር ቆመው አይተውት ፍየሎቹን ወደ ወንድማቸው ቤት ነዱ።

መስከረም ላይ መንገዱ ተከፈተ፤ ደላላውም ደወለ። ትርንጎና ጥጋቡ ሱቅ ሊቢያ እስከሚባለው የኦምዱርማን ገበያ አብረው ሄዱ። መኪናው አጠገብ ቆመው ሳለ ጥጋቡ ሻንጣዋ አለመኖሩን ያየው አሁን እንደሆነ አስመሰለ።

"አትመጪም?"

"አልመጣም ወንድሜ። የደሴቱ ሰዎች ሌላ ጀልባ አዘዋል።"

"ሕይወትሽን እዚህ ልትጨርሺው ነው?"

"እሱን አላውቅም። እጄ የሚያውቀውን ሥራ አግኝቻለሁ። አንተም ብትቀር ደስ ይለኛል።"

ጥጋቡ ለረጅም ጊዜ አቅፏት ቆመ። "እኔ አልችልም" አለ። "ልቤ ወጥቷል።" ከዚያ መኪናው ላይ ወጣ። ትርንጎ መኪናው ከአቧራው ጋር እስኪጠፋ ድረስ አየች። ከሳምንታት በኋላ ከትሪፖሊ ደውሎ በሕይወት መኖሩን ሲነግራት ወንዝ ዳር ተቀምጣ ብቻዋን አለቀሰች፤ ፊቷንም በወንዙ ውሃ ታጠበች።

የዓም ረሺድ ክንድ ከጀሶው ወጣ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አልተዘረጋም። ጋዱሙን ማንሳት ይችላሉ፤ ቶሎ ይደክማቸዋል። አዲሷን ጀልባ የጀመሩት ጥቅምት ላይ ነው። የወለሉን ግንድ አጋድመው ሲጨርሱ በጣውላ ይቀጥሉ ወይስ በጎድን እያሉ ሁለቱ ይጨቃጨቁ ነበር፤ ሐጃ ሉጥፊያ የምሳውን ፉል ይዘው መጡ፣ "ተጨቃጨቁ፣ ግን እየሠራችሁ" አሏቸው። ትርንጎ እጇን ታጥባ በላች፤ ከዚያ ወደ እንጨቱ ሄዳ የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ አነሳች።